ከመሥራቾች ወደ ሥራ አስኪያጆች፦ የካናቢስ ኢንዱስትሪ አመራርና የሕሙማን ደኅንነት

መግቢያ

በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ስሚዝስ ፎልስ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ የሀርሺ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ቸኮላት ያመርትበት የነበረ ሰፊ ፋብሪካ ይገኛል። ፋብሪካው ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ትዊድ የተባለ ኩባንያ ገብቶበት ከ2014 ጀምሮ ለሕክምና የሚውል ካናቢስ ያመርትበት ጀመር። ትዊድ ብዙም ሳይቆይ ካኖፒ ግሮውዝ በሚል ስም በዓለም ከታወቁት የካናቢስ ኩባንያዎች ግንባር ቀደሙ ለመሆን በቃ። በ2019 ዋነኛው መሥራች ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ በ2023 ኩባንያው ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመትም ሀርሺ የቀድሞ ሕንፃውን መልሶ ገዛ። አንድ ኢንዱስትሪ ተወልዶ፣ አብጦ፣ ከዚያም ወደ ልኩ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ ዐሥር ዓመት እንኳ አልሞላም ማለት ይቻላል።

ይህ ታሪክ የነጋዴዎችና የባለአክሲዮኖች ጉዳይ እንጂ የጤና ባለሙያ ጉዳይ አይደለም የሚል አስተያየት ሊሰነዘር ይችላል። ይሁን እንጂ የሚሸጠው ነገር ጫማ ወይም ጨርቅ ሳይሆን በአእምሮ፣ በልብና በጉበት ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር ነው። ምን ያህል ኃይለኛ ምርት ይመረት፣ በምን ዓይነት ማሸጊያ ይቅረብ፣ ሳይመረመር ይውጣ ወይስ ተመርምሮ ይውጣ የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው በኩባንያው አመራር ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የውሳኔው ውጤት ግን በድንገተኛ ክፍል፣ በሕፃናት ዋርድና በአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ይታያል። ስለዚህ አመራሩ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚመዘንና ምን ሊታረም እንደሚገባው ማወቅ ለጤና ባለሙያው ጠቃሚ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ካናቢስ የተባለው በአማርኛ ዕፀ ፋርስ በመባል የሚታወቀው ተክል ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢንዱስትሪው አመጣጥ

የካናቢስ ዘመናዊ ሳይንስ መሠረቱ የተጣለው በእስራኤል ነው። በ1964 ራፋኤል ሜኩላምና የሥራ ባልደረባቸው የሒየል ጋኦኒ የማስከር ኃይል ያለውን ንጥረ ነገር ማለትም ቲ.ኤች.ሲ.ን ለይተው አወጡ። በ1985 በላቦራቶሪ የተሠራው ድሮናቢኖል በአሜሪካ በካንሰር መድኃኒት ሳቢያ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ እንዲያገለግል ተፈቀደ። ይህ የመድኃኒት መንገድ ነበር።

የንግድ መንገዱ የተከፈተው ግን በላቦራቶሪ ሳይሆን በምርጫ ኮሮጆ ነው። በ1996 የካሊፎርኒያ ሕዝብ በድምፅ ብልጫ ካናቢስ ለሕክምና እንዲውል ፈቀደ። በ2012 ኮሎራዶና ዋሽንግተን የተባሉት የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር አዋቂዎች ለመዝናኛ እንዲጠቀሙበት በሕዝበ ውሳኔ አጸደቁ፤ በ2013 መጨረሻ ኡራጓይ፣ በጥቅምት 2018 ደግሞ ካናዳ በአገር ደረጃ ሕጋዊ አደረጉ። ጀርመን በ2017 የሕክምናውን፣ በሚያዝያ 2024 ደግሞ በተወሰነ መጠን የግል አጠቃቀሙን ፈቀደች። ታይላንድ በ2022 በሩን ወለል አድርጋ ከከፈተች በኋላ በ2025 የሐኪም ማዘዣ ወደሚጠይቅ ሥርዓት ተመለሰች። በአፍሪካም ሌሶቶ በ2017 የማምረት ፈቃድ በመስጠት ቀዳሚ ስትሆን፣ ዚምባብዌና ማላዊ በተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል።

ከዓለም አቀፍ ሕግ አንጻር የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 ካናቢስን በ1961ዱ ስምምነት እጅግ ጥብቅ ከሆነው አራተኛው ሰንጠረዥ በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አውጥቶታል። ይህ ውሳኔ የሕክምና ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ዕውቅና የሰጠ እንጂ ቁጥጥሩን ያነሣ አይደለም፤ ተክሉ በአንደኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ በአንድ አገር መድኃኒት፣ በሌላው መዝናኛ፣ በሦስተኛው ወንጀል የሆነን ነገር የሚያመርት ኩባንያ መምራት ምን ዓይነት ሰው ይጠይቃል? ኢንዱስትሪው ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በየጊዜው ተለዋውጧል።

የመጀመሪያው ትውልድ፦ ተስፋ ሻጮች

የመጀመሪያዎቹ መሪዎች በአብዛኛው ደፋር መሥራቾች ነበሩ። ባንኮች ፊታቸውን ባዞሩበት፣ ሕጉ ገና ባልጠራበት ጊዜ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ፈቃድ ማውጣትና የሕዝብን አስተያየት መለወጥ ነበረባቸው። ይህ ሥራ ከሁሉ በላይ የማሳመን ችሎታን ይጠይቃል። የካኖፒ ግሮውዝ መሥራች ሚስተር ብሩስ ሊንተን የዚህ ዓይነት መሪ ምሳሌ ተደርገው ይጠቀሳሉ። በእሳቸው ዘመን ኮሮና ቢራን በአሜሪካ የሚሸጠው ኮንስተሌሽን ብራንድስ በ2017 ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ ገዛ፤ በነሐሴ 2018 ደግሞ 5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በመጨመር ድርሻውን ወደ 38 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ቲልሬይ የተባለው ሌላ ኩባንያ በሐምሌ ወር በ17 ዶላር ለገበያ ያቀረበው አክሲዮን በመስከረም ለአጭር ጊዜ 300 ዶላር ደርሶ ነበር።

በዚህ ወቅት የአመራር ስኬት የሚለካው በምን ነበር? በተተከለው ግሪን ሃውስ ስፋት፣ ሊመረት ይችላል በተባለው ኪሎ ግራምና በአክሲዮን ዋጋ ነበር። ምርቱን ማን እንደሚገዛው፣ በምን ያህል ዋጋ እንደሚገዛው፣ ከሕገወጡ ገበያ እንዴት እንደሚፎካከር የሚሉት ጥያቄዎች በሁለተኛ ደረጃ ታዩ። በካናዳ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል በብዙ ሥፍራ የችርቻሮ ሱቆች ገና አልተከፈቱም ነበር፤ ሕገወጡ ሻጭ ግን ዋጋውን ቀንሶ በቦታው ነበር። ምርት በመጋዘን ተከማቸ። ካኖፒ ግሮውዝ በመጋቢት 2020 በተፈጸመው የበጀት ዓመት ከ1.3 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ኪሳራ መዘገበ።

ኪሳራው በሒሳብ መዝገብ ከመታየቱም በፊት የቦርዱ ትዕግሥት አልቆ ነበር። ሚስተር ሊንተን በሐምሌ 2019 ሥራቸውን ሲለቁ በገዛ ፈቃዳቸው እንዳልሆነና እንደተባረሩ ራሳቸው ለመገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ በ2020 መጀመሪያ የኮንስተሌሽን ብራንድስ የፋይናንስ ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ዴቪድ ክላይን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ።

ሁለተኛው ትውልድ፦ የፍጆታ ዕቃ አስተዳዳሪዎች

የሚስተር ክላይን ሹመት ብቻውን የቆመ አልነበረም። ከአፍሪያ ጋር በ2021 የተዋሐደው ቲልሬይ የሚመራው የተፈጥሮ ምግብ ኩባንያ መሥርተው በኖሩት በሚስተር ኧርዊን ሳይመን ሆነ። የማርልቦሮ ሲጋራ በአሜሪካ ባለቤት የሆነው አልትሪያ በ2019 ክሮኖስ ግሩፕ ከተባለው የካናዳ ኩባንያ 45 በመቶ ድርሻ ያዘ። በአጭሩ፣ ከመሥራቾቹ በኋላ የመጣው አመራር የተቀዳው በአመዛኙ ከመጠጥ፣ ከምግብና ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ነው።

እነዚህ ሰዎች ይዘውት የመጡት ሥነ ሥርዓት አለ። ወጪን ከገቢ ጋር ማመጣጠን፣ ትርፍ የማያስገኘውን መዝጋት፣ የዕቃ ክምችትን መቆጣጠር፣ ለቦርድ እውነተኛ ሪፖርት ማቅረብ ለእነርሱ አዲስ ነገር አይደለም። ካኖፒ ግሮውዝ በመጋቢት 2020 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሁለት ታላላቅ ግሪን ሃውሶችን ዘግቶ ወደ 500 የሚጠጉ ሠራተኞችን አሰናበተ፤ በየካቲት 2023 ደግሞ ሌሎች 800 ያህል የሥራ መደቦችን እንደሚሰርዝ አስታወቀ። ለስሚዝስ ፎልስ ነዋሪዎች ይህ መራራ ዜና ነበር፤ ከኢንዱስትሪው አንጻር ግን ከሕልም ወደ ሒሳብ የመሸጋገሪያ ምልክት ነበር።

ለጤና ባለሙያው ትልቁ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የፍጆታ ዕቃ አስተዳዳሪ የሠለጠነበት ዋና ሙያ ሰዎች አንድን ምርት አዘውትረው እንዲገዙ ማድረግ ነው። ለሳሙና ወይም ለብስኩት ይህ ጉዳት የለውም። ሱስ ሊያስይዝ ለሚችል ንጥረ ነገር ግን የሽያጭ ዕድገትና የጤና ጥቅም በተቃራኒ አቅጣጫ ሊጓዙ ይችላሉ። በ2014 ለኮሎራዶ መንግሥት የቀረበ የገበያ ጥናት በየቀኑ ወይም በየቀኑ ሊባል በሚችል ደረጃ የሚጠቀሙት ሰዎች ከጠቅላላው ተጠቃሚ 22 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ሳለ የፍላጎቱን 67 በመቶ ያህል እንደሚሸፍኑ አሳይቷል። ይህም ማለት የገቢው አብዛኛው ክፍል የሚገኘው ሐኪሙ አብዝቶ ከሚሠጋላቸው ሰዎች ነው። የትኛውም ሥራ አስፈጻሚ፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ይህን የጥቅም ግጭት በግል ጨዋነቱ ብቻ ሊያስወግደው አይችልም። ሊገታው የሚችለው ሕግ ነው። የካናዳ ሕግ ወጣቶችን የሚስብ ማስታወቂያንና ማሸጊያን መከልከሉ፣ በሚበላ ምርት ውስጥም በአንድ ጥቅል ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ቲ.ኤች.ሲ. እንዳይኖር መወሰኑ ከዚህ ግንዛቤ የመነጨ ነው።

ሌላው መንገድ፦ ማስረጃን ያስቀደመ አመራር

በተመሳሳይ ተክል ላይ ተመሥርቶ ፍጹም የተለየ መንገድ የተከተለ ኩባንያም አለ። ጂ ደብሊው ፋርማሲዩቲካልስ በ1998 በእንግሊዝ አገር በሐኪሙ በዶክተር ጄፍሪ ጋይና በዶክተር ብራያን ዊትል ተመሠረተ። መሥራቾቹ ገና ከመነሻው ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው፣ ተክሉን በቁጥጥር ሥር አልምተው፣ ምርታቸውን እንደማንኛውም መድኃኒት በክሊኒካዊ ሙከራ ለማለፍ ወሰኑ። መንገዱ ረጅም ነበር። በአፍ ውስጥ የሚረጨው ሳቲቬክስ በካናዳ በ2005፣ በእንግሊዝ ደግሞ በ2010 በመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕሙማን ላይ እንዲውል ተፈቀደ። ኩባንያው በአሜሪካ የመጀመሪያ ፈቃዱን ያገኘው ከተመሠረተ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ፈቃድ የተሰጠው ካናቢዲዮል ለተባለው፣ የማያሰክር ንጥረ ነገር ለያዘውና ኤፒዲዮሌክስ ለሚባለው የሚጠጣ መድኃኒት ነው። በ2017 በታተመው ሙከራ ድራቬ ሲንድሮም በተባለ አስቸጋሪ የሚጥል በሽታ የሚሠቃዩ 120 ሕፃናትና ወጣቶች ተካፈሉ። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ በወር ውስጥ የሚከሠተው የማንቀጥቀጥ ብዛት በመካከለኛ ልኬት ከ12.4 ወደ 5.9 ወረደ፤ ማስመሰያ መድኃኒት በወሰዱት ግን ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ነበር የወረደው። ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና የጉበት ኢንዛይም መጨመር መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በርክተው ታይተዋል፤ እነዚህም አብረው ተመዝግበው ታወቁ። በሰኔ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን ለድራቬና ለሌኖክስ ጋስቶ ሲንድሮም ፈቀደ። ኩባንያው በ2021 ወደ 7.2 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ በጃዝ ፋርማሲዩቲካልስ ተገዛ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ሚስተር ጀስቲን ጎቨር ከ1999 ጀምሮ እስከ ሽያጩ ድረስ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መቆየታቸው እንደሚያሳየው፣ ማስረጃ የሚጠይቀውን ጊዜ ለመታገሥ አመራርም ባለአክሲዮንም መጽናት አለባቸው። ሁለተኛው፣ ማስረጃ ጥቅምን ብቻ ሳይሆን ጉዳትንም ያሳውቃል። ዛሬ ሐኪሙ ካናቢዲዮል ከክሎባዛም ጋር ሲሰጥ እንቅልፍ ሊያበዛ እንደሚችል፣ ከቫልፕሮይክ አሲድ ጋር ሲሰጥ የጉበት ምርመራ በጥብቅ ሊከታተል እንደሚገባው የሚያውቀው ጉዳዩ በሥርዓት ስለተጠና ነው። ያለ ጥናት በጠርሙስ ከሚሸጥ ዘይት ይህን ዓይነት ዕውቀት ማግኘት አይቻልም። በሌላ በኩል መድኃኒቱ ለገበያ ሲቀርብ የተገመተለት ዋጋ በዓመት 32,500 ዶላር ያህል መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ትክክለኛው መንገድ ለድሀው ሕመምተኛ በራሱ የተደላደለ መንገድ አይደለም።

ጥራት የማን ኃላፊነት ነው?

በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ ሜትረምና ኦርጋኒግራም የተባሉ ሁለት የካናዳ አምራቾች ለሕክምና የሸጡትን ካናቢስ ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደዱ። ምክንያቱም በምርቱ ውስጥ ማይክሎቡታኒል የተባለ፣ ለካናቢስ ያልተፈቀደ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት በመገኘቱ ነው። ይህ ኬሚካል በእሳት ሲጋይ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ሊያመነጭ ይችላል። በምግብ ሰብል ላይ ሲረጭ አንድ ነገር፣ ታማሚ በሚያጨሰው ተክል ላይ ሲረጭ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ከዚህ በኋላ የካናዳ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁሉም አምራቾች የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ መመሪያ አወጣ።

በሐምሌ 2019 ደግሞ ካንትረስት የተባለው ኩባንያ ፈቃድ ባልተሰጣቸው አምስት ክፍሎች ውስጥ ለወራት ሲያመርት እንደነበረ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደረሰበት። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከሥራ ተሰናበቱ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ እንዲለቁ ተጠየቁ፤ በመስከረም የኩባንያው ፈቃድ ታገደ፤ በመጋቢት 2020 ኩባንያው ከአበዳሪዎች እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት አመለከተ። በቀድሞ ኃላፊዎች ላይ በ2021 የተመሠረተው ክስ ዐቃቤ ሕግ ለማስረዳት እንደማይችል በመግለጹ በታኅሣሥ 2022 በነጻ ተሰናብተዋል። የሕግ ጥፋተኝነት ባይረጋገጥም በሕሙማን ላይ የደረሰው መጉላላት ግን እውነት ነበር፤ በዚያ ኩባንያ ምርት ይታከሙ የነበሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ አቅርቦታቸው ተቋረጠ።

እነዚህ ሁለት አጋጣሚዎች የሚያስተምሩት፣ ጥራት በመልካም ምኞት ሳይሆን በሥልጣን ክፍፍል እንደሚጠበቅ ነው። የካናዳ ደንብ እያንዳንዱ አቀነባባሪ አንድ የጥራት ማረጋገጫ ኃላፊ እንዲኖረው፣ ምርቱም ይህ ሰው ሳያጸድቀው ለሽያጭ እንዳይወጣ ያዛል። አንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ውጤት በሒሳብ ክፍል እንዲታረም እንደማይፈቅድ ሁሉ፣ የጥራት ኃላፊም ከሽያጭ ክፍል ተጽዕኖ ነጻ መሆን አለበት። መልካም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማለት የጥራት ኃላፊው «አይወጣም» ሲል በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ዋዜማም ቢሆን ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው።

ሕጋዊው አመራር በማይደርስበት ቦታ ምን እንደሚከተል በ2019 በአሜሪካ ታይቷል። በኤሌክትሮኒክ ማጨሻ ምክንያት በደረሰ የሳንባ ጉዳት እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው የተመዘገበ ሲሆን ከእነዚህ መካከል 68ቱ ሕይወታቸው አልፏል። አብዛኞቹ ቲ.ኤች.ሲ. ያለበትን ምርት ያገኙት ፈቃድ ከሌላቸው ሻጮች፣ ከጓደኛ ወይም ከዘመድ ነበር። ከ51 ሕሙማን ሳንባ ታጥቦ በተወሰደ ፈሳሽ ላይ በተደረገ ምርመራ በ48ቱ ውስጥ ወደ ዘይቱ የተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሴቴት ተገኝቷል።

ሕጋዊው ገበያም ቢሆን ከጉዳት የጸዳ አይደለም። በአሜሪካ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ካናቢስ ያለበት ከረሜላ፣ ቸኮላትና የመሳሰለውን በመብላታቸው ለመርዝ መረጃ ማዕከላት የቀረበው ሪፖርት በ2017 ከነበረበት 207 በ2021 ወደ 3,054 ከፍ ብሏል። ምርቱን ከልጆች ከረሜላ ጋር አንድ አስመስሎ የማቅረቡ ውሳኔ በኩባንያው ውስጥ የተወሰነ ነው፤ ልጁ ራሱን ስቶ ሲመጣ የሚቀበለው ግን የሕፃናት ሐኪሙና ነርሷ ናቸው።

የጤና ባለሙያው ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

የጤና ባለሙያ በፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ፣ በመድኃኒት ምርጫ ቡድን ወይም በኩባንያ የሕክምና አማካሪነት ሊሳተፍ ይችላል። በነዚህ ቦታዎች ሁሉ የአንድን ኩባንያ አመራር ብስለት ለመመዘን የሚከተሉት ጥያቄዎች ይረዳሉ።

አንደኛ፦ የጥራት ኃላፊው ተጠሪነት ለማን ነው? ምርትን የማገድ ሥልጣኑስ በጽሑፍ ተደንግጓል ወይ?

ሁለተኛ፦ የአመራሩ ጉርሻ የሚከፈለው በምን መለኪያ ነው? በተሸጠ ኪሎ ግራም ብቻ ከሆነ ስለ ደኅንነት የሚነገረው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሦስተኛ፦ ኩባንያው የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት የሚቀበልበት፣ የሚመረምርበትና ለመንግሥት የሚያሳውቅበት ሥርዓት አለው ወይ?

አራተኛ፦ ስለ ምርቱ የሚነገረው የፈዋሽነት ቃል ከማስረጃው ይበልጣል ወይስ ይመጣጠናል? የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ባወጡት ዘገባ ጠንካራ ማስረጃ ያገኙት ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ ሕመም፣ ከካንሰር ሕክምና ለሚመጣ ማስመለስና በመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕሙማን ለሚገለጽ የጡንቻ መገተር ነው። በዚያው ዘገባ ካናቢስ መጠቀም ከስኪዞፍሬኒያና ከሌሎች የሳይኮሲስ ሕመሞች መከሠት ጋር ተያይዞ መገኘቱም በጉልህ ሰፍሯል። የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን የሚሸፍን ኩባንያ አመራሩ ገና አልበሰለም።

አምስተኛ፦ በአማካሪነት የተቀመጠው ሐኪም አክሲዮን አለው ወይ? ካለው ለሕመምተኞቹና ለባልደረቦቹ አስታውቋል ወይ? ሐኪም ያልተገለጠ ጥቅም ይዞ ምርቱን ካዘዘ ማዘዣው የሕክምና ሰነድ መሆኑ ቀርቶ የሽያጭ ደረሰኝ ይሆናል።

ለኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ያለው ተዛምዶ

በኢትዮጵያ ካናቢስን ማምረት፣ መነገድና መጠቀም በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው። ይህ ማለት ግን ጉዳዩ ከሐኪሙ ክፍል አይደርስም ማለት አይደለም። ልጃቸው የሚጥል በሽታ ያለበት ወላጆች በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «ዘይቱን ልላክላችሁ» ሲላቸው ወደ ሐኪም መጥተው ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ተገቢው ምላሽ ቁጣም ዝምታም አይደለም። የተመዘገበው መድኃኒትና በሱቅ የሚሸጠው ዘይት አንድ አለመሆናቸውን፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው መጠን ያልተረጋገጠ ሊሆን እንደሚችል፣ ልጁ የሚወስደውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ማቋረጥ ለሕይወት አስጊ መሆኑን፣ ዕቃውን ወደ አገር ማስገባትም በሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል በትዕግሥት ማስረዳት ያስፈልጋል። በብዙዎቹ የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወገኖችም በሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ምርት በሻንጣቸው ቢገኝ ከባድ ቅጣት ሊያስከትልባቸው እንደሚችል ሊነገራቸው ይገባል።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር ያጋጥማቸዋል። በአንዳንድ ክፍላተ ሀገር የካናቢስ መደብር ውስጥ መቀጠር እንደማንኛውም ሥራ ይታያል። ነገር ግን የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ሀገሩ ቢፈቅድም እንኳ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ተግባር በፌዴራል ሕግ የሚያስነቅፍ በመሆኑ የዜግነት ጥያቄን ሊያሰናክል እንደሚችል ገልጿል። ኩባንያው ፈቃድ አለው፤ ሥራ አስፈጻሚው በአክሲዮን ገበያ ስሙ ይጠራል፤ ግሪን ካርድ ይዞ ካሽ ሬጅስተር ላይ የቆመው ስደተኛ ግን ያንኑ ሥራ በመሥራቱ የወደፊት ዕጣውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ኃላፊነት የሚሰማው አሠሪ ይህን ለሠራተኛው አስቀድሞ ያሳውቃል። የጤና ባለሙያውም የሕመምተኛውን የካናቢስ አጠቃቀም ሲጠይቅ ለምን እንደሚጠይቅና መረጃው በምሥጢር እንደሚጠበቅ ማስረዳቱ ግልጽ መልስ ለማግኘት ይረዳዋል።

ማጠቃለያ

የካናቢስ ኢንዱስትሪ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከተስፋ ሻጮች እጅ ወጥቶ በሒሳብ አዋቂዎች እጅ ገብቷል። ይህ ለባለአክሲዮኑ መሻሻል ሊሆን ይችላል፤ ለሕመምተኛው ግን በራሱ ዋስትና አይሆንም። ሒሳቡ የተስተካከለ ኩባንያ ሁሉ ምርቱ የተስተካከለ አይደለም። የኢንዱስትሪው እውነተኛ ብስለት የሚታወቀው አመራሩ ስለ ሽያጩ በሚያውቀው መጠን ስለ ጉዳቱም ሲያውቅ፣ ያወቀውንም ሳይደብቅ ሲያሳውቅ ነው።

ትምባሆ የጤና ባለሙያዎች ሳይጠይቁ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ጉዳቱን ለማስረዳት ብዙ ዐሠርት ዓመታትና እጅግ ብዙ ሕይወት ጠይቋል። ካናቢስ ጥቅምም ጉዳትም ያለው በመሆኑ ነገሩ ከትምባሆ ይልቅ ረቀቅ ያለ ፍርድ ይጠይቃል። አገሮች ፈቃድ በሚሰጡበት፣ ኩባንያዎች መሪዎቻቸውን በሚመርጡበት በአሁኑ ጊዜ የጤና ባለሙያው ድምፅ ከጠረጴዛው ዙሪያ መጥፋት የለበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ይስማማዋል።